ወተቱን ያልነካ ሌባ

ሚያዝያ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሱዳን ውስጥ ኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ዳር ከቆሙት መኪኖች የአንዱ ትንሽ መስታወት ተሰበረ። ድምፁን የሰማ የለም። ጋረደው ያን ጊዜ ከመኪኖቹ ራቅ ብሎ፣ ከትልቁ ግራር ሥር፣ ግንባሩን አፈር ላይ ደፍቶ ነበር። ከኋላው የስደተኞች መጠለያው ሰው እንደሱው ተደፍቷል። "ኪራላይሶን" ሲባል ይነሣል፣ "ኪራላይሶን" ሲባል ይወድቃል። መኪኖቹ አጠገብ ደግሞ ጀማሉ ካርቶን አንጥፎ የዐስር ሶላቱን ይሰግዳል። በዚያች ሰዓት በጀነይናው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ጀነይና የሚሉት ሱዳኖቹ ናቸው፤ የአትክልት ቦታ ማለታቸው ነው። አትክልት የለውም። ግድቡ ባቆመው ውሃ ዳር የበቀለ የግራር ጫካ ነው። ዓርብ ዓርብ የኒው ሀልፋ ከተማ ነጋዴዎች ከነቤተሰባቸው ሥጋ ሊጠብሱ፣ በየመጠለያው የሚሠሩት ኸዋጆችም፣ ፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ውሃ ሊዋኙ ይመጣሉ። መኪናቸውን ዛፍ ሥር አቁመው ወደ ውሃው ሲወርዱ ከላይ የሚቀር ሰው የለም። በፊት መስታወት የማይሰበርበት ዓርብ አልነበረም ይባላል። ተጠባባቂ ጎማ፣ ጀሪካን፣ ሬዲዮ፣ የሰው ጫማ ሳይቀር ይሄዳል።

ጋረደውን ማንም አልቀጠረውም። ከአርማጭሆ በመጣ በወሩ እዚያው ዛፍ ሥር ዱላውን ይዞ ቆመ፤ መቆሙን ሹፌሮቹ ወደዱለት፤ በዚያው ሥራ ሆነ። ጀማሉ የመተማ ልጅ ነው፤ ቤቱ ሳይቃጠል በፊት ጨውና ጨርቅ ይነግድ ነበር። የተገናኙት መንገድ ላይ ነው። የጋረደው ታላቅ ወንድም ደጉ በረሃው ላይ ወድቆ በቀረ ጊዜ፣ እናታቸውን ቱርካን በጀርባው አዝሎ የአትባራን ወንዝ ያሻገራት ጀማሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ወንድም ሆኑ። ዓርብ ቀትር ላይ ጀማሉ ለጁምዓ ሲሄድ ጋረደው ይቆማል። ጋረደው ለጸሎት ሲጠራ ጀማሉ ይቆማል።

መኪና አጠባበቁ የራሱ ሥርዓት ነበረው። መኪኖቹን ትከሻ ለትከሻ አጠጋግቶ ያስቆማቸዋል፤ በመካከላቸው በር እንደ ልብ እንዳይከፈት። አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ ያዞራቸዋል። ከወንበሩ ፊት ያለውን የዕቃ ኪስ ክፍቱን ያስቀረዋል፤ ባዶነቱ ከውጭ እንዲታይ። ወንበር ላይ ምንም ነገር እንዲቀር አይፈቅድም፤ በጨርቅ መሸፈኑንም አይወድም፤ የተሸፈነ ነገር ዓይን ይጠራል ይላል። ሁሉም ከወረደ በኋላ በመኪኖቹ ዙሪያና መካከል ያለውን አቧራ በቅጠል ይጠርገዋል። የረገጠ ሰው ካለ ዱካው ይቀራል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ሹፌር ከሙዘይን ጋር የተጨቃጨቁት በዚሁ ነው።

"ሙዘይን፣ ያን ካርቶን ከወንበሩ ላይ አንሣው።"

"የኸዋጆቹ ምሳ ነው ያ ዘውል፣ አንተ ሰው። መጥተው ይበሉታል።"

"እስኪመጡ ከወንበሩ ሥር አስገባው። ወተት አለ፣ የቆርቆሮ ሥጋ አለ፣ ተምር አለ፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ለእኔ የታየኝ ለሌላው አይታየውም?"

"አንተ ቆመህ ማን ይደፍራል?"

"ዛሬ የእኛ ስቅለት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ጀማሉ ነው።"

"እንኳን ጀማሉ ሆነልኝ" አለ ሙዘይን እየሳቀ። "እሱ እንዳንተ አይጨቀጭቅም።" በሩን ቆልፎ ቁልፉን ወረወረለት። ሹፌሮቹ ሲዋኙ ውሃ ውስጥ እንዳይጠፋባቸው ቁልፋቸውን ለጋረደው ይተዉ ነበር። ጋረደውም አንገቱ ላይ፣ ከማተቡ ጎን፣ በሲባጎ ያንጠለጥለዋል።

ከጁምዓ ሲመለስ ጀማሉ ዱላውን ከእጁ ተቀበለው።

"በል ሂድ፣ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል።"

"ቶሎ እመለሳለሁ።"

"እናንተ አንዴ ከጀመራችሁ የምትመለሱት ጉልበታችሁ ሲያልቅ ነው። እኛ በቀን አምስቴ ተከፋፍሎልን፣ ይኸው ወገቤ ደህና ነው።"

"ያንተ ወገብ ደህና የሆነው ሥራ ስለማትወድ ነው" አለውና ወደ ዛፉ ሄደ።

መጠለያው ውስጥ ጥላ የሚሆን ዛፍ አልቀረም፤ ሁሉም ተቆርጦ ማገዶ ሆኗል። ቄስ ደሴ ስግደቱን ወደ ውሃው ዳር ያመጡት ለዚህ ነው። የቻለ መጣ። ቱርካ አልቻለችም፤ ድንኳን ውስጥ ተኝታ ቀረች።

ቱርካን የጣላት በሽታ አይደለም። የእህል መኪና ከመጣ ሰንብቷል። በሕክምናው ድንኳን ለደካሞች የሚታደለው በጥብጠው የሚሰጡት የዱቄት ወተት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ኩባያውን በእጇ መልሳ ትገፋዋለች። ቄስ ደሴ ራሳቸው መጥተው "የታመመ ሰው አይጾምም፣ ፈትቼሻለሁ" ቢሏት፣ "አርጅቻለሁ እንጂ አልታመምኩም አባቴ" አለቻቸው። ጋረደው ተንበርክኮ ለመናት። "ዕድሜዬን ሙሉ ጠግቤ የጾምኩትን፣ አሁን ተርቤ ልፍታው? ለመጾምስ ረሃብ ይመቻል" ብላ ሳቀችበት። የደጉ ሚስት የነበረችው በለጡ ከየሰው ድንኳን አንድ እፍኝ ሽምብራ፣ አንድ ጭብጥ የዱራ ማሽላ እየለመነች እስከዚያ ሳምንት አደረሰቻት። በዚያ ሳምንት የሚለመን ሰውም ጠፋ።

ስግደቱ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቆየ። ቄስ ደሴ ወይራ ስላላገኙ የኒም ቅጠል ይዘው ለጥብጠባው፣ የተናዘዘውን በቅጠል መትተው ስግደት ሊሰጡት፣ ሲቀመጡ፣ ጋረደው ተራውን ሳይጠብቅ ወደ መኪኖቹ ተመለሰ። ጀማሉ የሻይ ውሃ ሊቀዳ ወደ ዳር ወርዷል፤ ከዚያም ሆኖ ዓይኑን ከመኪኖቹ አልነቀለም። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ጋረደው ግን እንደ ልማዱ በመኪኖቹ መካከል ጎንበስ ብሎ አየ፤ በሙዘይን ላንድ ክሩዘር በር ላይ ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት የለችም። ስብርባሪዋ ወንበሩ ላይ ፈሷል። ትከሻ ለትከሻ አጠጋግቶ ያስቆማቸው መኪኖች ለሌባው መጋረጃ ሆነውለታል።

ካርቶኑን አየው። የቆርቆሮ ሥጋዎቹ በሥርዓት እንደተደረደሩ ናቸው። ተምሩ የለም፤ ብስኩቱ የለም። ትልቁ የወተት ቆርቆሮ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፤ ከመሪው አጠገብ፣ ከቀዳዳው ሥር፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አንድ እጅ ብድግ አድርጎ እስከ መስታወቱ አምጥቶት፣ አስቦ፣ መልሶ አስቀምጦታል።

በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ የተራበ ሌባ ወተት ትቶ አይሄድም። የሚተወው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ መኪና ይሰብራል እንጂ ጾም የማይሰብር ሰው። ወደ መሬት ተመለከተ። ጠዋት በጠረገው አቧራ ላይ የሴት የላስቲክ ጫማ ዱካ አለ። በግራው እግር በኩል የሽቦ ምልክት ጎልቶ ይታያል። ያን ሽቦ ያሰረው ራሱ ነው፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ጊዜ፣ የበለጡን ጫማ ጭኑ ላይ አድርጎ።

ቅጠሉን አነሣ። ምንም ሳያስብ፣ እንደየቀኑ ሥራው፣ ከመኪኖቹ መካከል ጀምሮ ወደ ውጭ ጠረገው።

ከዚያ በኋላ ነው ጀማሉን የጠራው። ጀማሉ ማንቆርቆሪያውን ጥሎ ሮጦ መጣ፤ በመኪኖቹ መካከል ገብቶ ቁጢጥ ብሎ አየ፤ በዙሪያውም ተመላለሰ።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ አሁን ውሃ ልቀዳ ከመውረዴ በቀር ከዚህ አልተነቃነቅሁም እኮ። ሶላቴን እንኳ እዚሁ ነው የሰገድኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ መቼ? ደግሞስ ይኼ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ወተቱን ትቶት ይሄዳል?"

"እንጃ" አለ ጋረደው።

"ሳንደብቅ ለሙዘይን ልንገረው። ብንደብቅ ይብሳል።" ጀማሉ ወደ ውሃው ወረደ። ጋረደው ወደ ዛፉ ሄደ።

ሰዉ ጥብጠባውን ጨርሶ፣ የተሰጠውን ሰግዶ፣ ጥላው ሥር ተዘርግቷል። በለጡ ብቻዋን ፀሐይ ላይ ትወድቃለች፣ ትነሣለች።

"ቄስ ደሴ ስንት ሰጡሽ?"

"መቶ።"

"ለሌላው ሠላሳ ነው የሰጡት።"

"እኔ ሌላ ነገር ነው የተናገርኩት።" ወደቀች፤ ተነሣች።

"ምን እንደሆነ ጠየቁሽ?"

"እሳቸው አይጠይቁም። በቅጠሉ መቱኝና መቶ አሉኝ።"

"ዱካሽን አየሁት በለጡ።"

ያን ጊዜ ቆመች። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ የቀኝ እጇ አንጓ ላይ ጠምጥማዋለች፤ ጠብታ ደም ወጥቶበት ደርቋል።

"ካርቶኑ መኪናው ላይ እንዳለ ማን ነገረሽ?"

"አንተ ነህ። ጠዋት ውሃ ስቀዳ፣ ወተት አለ፣ ሥጋ አለ፣ ተምር አለ እያልክ ስትጨቃጨቅ ሰማሁህ።"

ጋረደው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "ወተቱን በእጅሽ ይዘሽው ነበር" አላት።

"ይዤው ነበር። ወስጄ ምን ላደርገው? አትጠጣውም።"

"ለራስሽስ?"

አየችው፤ ምን ነካህ እንደማለት። "ዛሬ እኮ ስቅለት ነው ዋርሳዬ።"

ከውሃው በኩል የነጋዴዎቹ ልጆች ሳቅ ይሰማል።

"እሑድን ብትደርስልኝ ወተቱን ራሴ አጠጣታለሁ" አለች። "ሌላ ምንም አልፈልግም። እሑድን ትድረስ ብቻ። ተምሩንና ብስኩቱን ከመጠለያው የታደለ ነው እላታለሁ። አንተም እንደዚያ በላት።"

"ተነሽና ሂጂ። መቶውን ድንኳኑ ጋ ጨርሺው። ተምሩን ሳይመሽ አቅምሻት።"

"ሳይመሽማ አትቀምስም" አለች በለጡ። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

ጋረደው ሲመለስ ሙዘይን ብቻውን አልነበረም። የግድቡን ዘብ ሻዊሽ፣ በእኛ አነጋገር ሃምሳ አለቃውን፣ ይዞ መጥቷል። ኸዋጆቹ ፎጣ እንዳገለደሙ ራቅ ብለው ቆመዋል። ሻዊሹ ሰፊ፣ የደከመው ሰው ነው፤ ከዓርብ እንቅልፉ ነው የቀሰቀሱት።

"ምን ጠፋ?"

"አንድ ከረጢት ተምር" አለ ሙዘይን። "አንድ ትልቅ ፓኮ ብስኩት። ያ ለሕፃናቱ የሚታደለው፣ በወተት የተቦካው።"

ጋረደው "በወተት" የምትለዋን ቃል ሰማት። ዓይኑ ሳያስበው ወደ መጠለያው መንገድ ሄደ። በለጡ ግድቡን አልፋ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆናለች። ያን ነገር በሕይወቱ ለማንም አልተናገረውም።

"ሥጋው ግን አልተነካም" አለ ሻዊሹ። ቆርቆሮውን አንሥቶ አገላብጦ አየው። "የኸዋጃ ሥጋ። ማን እንዳረደው፣ የምን ሥጋ እንደሆነ አይታወቅም። ይህን እየራበው የማይነካ ማነው?" ወደ ጀማሉ ዞረ። "ስምህ ማነው?"

"ጀማሉ።"

"ሙስሊም ነህ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

"በሰዓቱ የነበርከው አንተ ነህ። መሬቱ ላይ ያለውም የአንተ ዱካ ብቻ ነው፤ ይኸው፣ መካከል ድረስ ገብቷል።"

"አሁን ላይ የገባሁት ነው። ሊያሳየኝ ጠርቶኝ።"

"ከአንተ በፊት የገባ ሌባ ታዲያ በክንፍ ነው የመጣው?"

ጀማሉ ጋረደውን አየው። እንዲናገርለት ነው የሚጠብቀው፤ ሌላ ነገር በልቡ አልነበረም። ጋረደው ቅጠሉ አሁንም እጁ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ አወቀ። ጀማሉን ነፃ የሚያወጣው ዱካ እዚያ ነበር፤ የጠረገው እሱ ነው። አሁን የሴት ዱካ ነበረ ቢል፣ የማን ሴት ይሉታል። ዝም ቢል፣ እናቱን ያሻገራት ሰው ሊታሰር ነው።

"በሩ ተቆልፎ ነበር?" አለ ሻዊሹ።

"እኔው ቆልፌዋለሁ" አለ ሙዘይን።

"እንግዲያው ነገሩ ከባድ ነው።" ሻዊሹ የጀማሉን ጥምጣም ከራሱ ላይ ፈትቶ እጁን ወደ ኋላ ያስረው ጀመር። ክፋት አልነበረበትም፤ ላም እንደሚያስር ሰው ነው ያሰረው። "ከተቆለፈ ነገር ሰርስሮ ያወጣ ሰው ፍርዱ የእጁ መቆረጥ ነው።"

"መንግሥታችሁ ከወደቀ ሳምንቱ አይደል እንዴ?" አለ ጀማሉ።

"መንግሥታችን ወደቀ፤ ሕጉ አልወደቀም። ዳኛውም ያው የድሮው ነው። ክፍት መኪና ያገኘ ሰው ቢሆን ግርፋት ነበር። ይኼ ግን ሰብሮ ነው።"

ጋረደው ባለፈው ክረምት ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው አይቷል። ሰውየው በግራ እጁ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ቀኙን በእጀ ጠባቡ ውስጥ ሰብስቦ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቀኙ አላየም።

የጀማሉን እጆች አየ። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለውን ሲባጎ በጥርሱ በጥሶ ቁልፉን አወጣ።

"ሻዊሽ፣ መኪናው ክፍት ነበር።"

"ምን?"

"ሹፌሩ ቆልፎት ሄዷል፤ እውነቱን ነው። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚውለው። ካርቶኑ ወንበር ላይ ስለሆነ ልደብቀው ብዬ ከፈትኩ። ያን ጊዜ ስግደታችን ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፤ ቸኩዬ በሩን ብወረውረው ትንሿ መስታወት ረገፈች። ደንግጬ እንደዚያው ትቼው ሮጥኩ። መልሼ የቆለፍኩት አሁን ስመለስ ነው፤ ለጀማሉም አልነገርኩትም።"

"ማን ወሰደው ታዲያ?"

"ሰው ብዙ ነበር። ክፍት ያገኘ ነው የወሰደው። ዱካውንም እንደ ልማዴ የጠረግሁት እኔ ነኝ።"

ሻዊሹ ወደ ሙዘይን ዞረ። ሙዘይን ቁልፉን አየ፣ መስታወቱን አየ። ስብርባሪው ወደ ውስጥ መፍሰሱን ሹፌር የሆነ ሰው አይስተውም። ኸዋጆቹ አንድ ነገር ጠየቁት፤ በእጁ ቆዩ አላቸው።

"ጠዋት ካርቶኑን አንሣው ብሎኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ወላሂ ብሎኛል። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጀማሉ በአማርኛ፣ "ጋረዴ፣ ምን እያልክ ነው? አንተ ከሄድክ በኋላ እጀታውን አንድ በአንድ ሞክሬያለሁ እኮ" አለው።

"አልሞከርክም።"

"ኧረ በአላህ፣ ተቆልፎ ነበር።"

"አልሞከርክም አልኩህ። በነፍሴ ዝም በል።"

"ምን ይላል?" አለ ሻዊሹ።

"እናቴን አደራ አልኩት" አለ ጋረደው በዐረብኛ።

"እንግዲያው ተጠያቂው ቁልፉን የያዘው ነው፤ ፍርዱም ግርፋት ነው" አለና ሻዊሹ ጥምጣሙን ከጀማሉ እጅ ፈታ። ጋረደው ዱላውን ለጀማሉ ሰጠው፤ ቅጠሉን ዛፉ ሥር አስቀመጠ፤ ሁለቱን እጆቹን አጣምሮ ወደ ኋላ አዞረለት።

ቱርካ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብስኩቱን በውሃ እያራሰች በላች፤ ፍስክ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ፋሲካ ጠዋት ከበለጡ እጅ አንድ ኩባያ ወተት ጠጣች። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረፈች። መቃብሯን የቆፈረው ጀማሉ ነው። ጋረደው የተገረፈው በዚያው ማክሰኞ ነበር፤ የተለቀቀው ረቡዕ።